ያልከሸፈው በቆሎ፦ የአቶ ዋቅቶላ ቀጄላ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዋቅቶላ ከአባታቸው ከአቶ ቀጄላ ነገሪ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቂቱ ጉተማ በኅዳር ወር 1930 ዓ.ም. በወለጋ፣ በጊምቢ አውራጃ ተወለዱ። አካባቢው ዝናብ አይጎድለውም፤ አፈሩ ግን አሲዳማ በመሆኑ በቆሎ ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆኖ ይቀር ነበር። አባታቸው ያንን ማሳ ሁለት ጊዜ ዘርተው ሁለት ጊዜ ትተውታል። ልጃቸው ግን አልተዉትም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ በ1951 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቀው በምዕራቡ የአገራችን ክፍል በሚገኝ አንድ የምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። በ1955 ዓ.ም. ከወይዘሮ ገበያነሽ ሂርጳ ጋር ተጋብተው አምሐንና አስቴርን ወለዱ። ግትር ነበሩ። ይህን የምንለው ልናማቸው አይደለም፤ ግትርነታቸው ባይኖር ዛሬ የምናነበው ታሪክም አይኖርም ነበር።

ሥራቸው አሲዳማ አፈርን የሚችል ዲቃላ በቆሎ ማውጣት ነበር። ሌላው ዘሩን በመልካም መሬት ሲፈትን፣ እሳቸው ማንም የማይፈልገውን ጥግ መረጡ። ስምንት ዓመት ሙሉ የሞተውን እየነቀሉ፣ የቆመውን እየመረጡ አንድ እናትና አንድ አባት ዝርያ ለዩ። ከሁለቱ የተገኘው ዲቃላ በዚያ አፈር ላይ ዛላ ያዘ።

በ1971 ዓ.ም. በልማት ዘመቻው ወቅት ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለና ማሳው እንዲያምር ኖራ እንዲነሰንሱበት ታዘዙ። ኖራ የአፈሩን አሲድ ስለሚያበርድ ማንኛውም በቆሎ ያምርበታል። “ኖራ አጉርሼው ቆመ ብዬ ማንን ላታልል ነው?” ብለው እምቢ አሉ። ጎብኚዎቹም ለማነጻጸሪያ ከተዘራው ብዙ የሞተ፣ በመካከሉም ከዲቃላው ጥቂት የቆመ በቆሎ አይተው ሄዱ። በሪፖርቱ ላይ “ሙከራው ከሽፏል” ተብሎ ተጻፈ። ለዘር የተቀመጠው ተቀቅሎ ለዘማቾች ቀረበ። እሳቸውም ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው በንፋስ ስልክ የአንድ መጋዘን ሠራተኛ ሆኑ።

አዛዦቹ ያላወቁት፣ ወይዘሮ ገበያነሽ ከእናት ዝርያው ሁለት፣ ከአባት ዝርያው አንድ ዛላ በማድ ቤታቸው ጣሪያ ሥር ሰቅለው ማቆየታቸውን ነው። ዛላዎቹ በአስቴር ልብስ ተጠቅልለው ላፍቶ ወዳለው አዲሱ ቤታቸው ገቡ። የላፍቶ ጥቁር አፈር ለፈተና የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ የጭነት መኪና ሾፌሮችን እየለመኑ ከጊምቢ ቀይ አፈር በጆንያ አስመጡና አሥራ ሁለት ግማሽ በርሜል ሞሉ። አፈር ከአገር ቤት ያስመጣል ብሎ ሰፈሩ ሳቀባቸው። አንድ ቀን ፈታሾች መሣሪያ ቀብሯል ብለው በርሜሎቹን ሁሉ ገለበጡ፤ ከአፈር በቀር ምንም አላገኙም። እሳቸው አካፋ አምጥተው መልሰው ሞሏቸው።

ባልና ሚስት አበባውን በወረቀት ከረጢት እየሸፈኑ ሰባት ክረምት አዳቀሉ። ዘሩንም እህታቸው ወይዘሮ ቡዜ አባታቸው በተዉት ማሳ ላይ ዘሩት። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ያ ማሳ ያለ ኖራ ቤተሰብ ይቀልባል። በ1979 ዓ.ም. የምርምር ጣቢያው የማሳው ወሬ ደርሶት ዘሩን ጠየቃቸው። “ከሽፏል” የሚለው ይታረም፣ ዘሩን በማግስቱ አመጣለሁ ብለው ጻፉ። መልስ አልመጣም።

አቶ ዋቅቶላ በጉበት ሕመም ስድስት ወር ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 14 ቀን 1980 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እህታቸውና ይህን የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው ኢታና በሐዘን ላይ እንገኛለን።

ይህ ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት እንዲታይ ከመሥሪያ ቤታቸው ተጠይቀን ነበር። ስለ ኖራውና ስለ ሪፖርቱ የሚናገረው አንቀጽ ተሰርዞ ተመለሰልን። እኛ ሙሉውን አንብበናል። በሕይወት ሳሉ ያልታረመላቸው ውሸት በአስከሬናቸው ፊት አይደገምም።

የደከሙበትን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ይቀበላት፤ እናንተንም ልታጽናኑን ስለ መጣችሁ ይባርክልን።

በድንኳኑ የሚቀርብላችሁ ንፍሮ የስንዴና የሽምብራ ነው። የእሳቸው በቆሎ ቤት ውስጥ በጆንያ አለ፤ ሁለተኛ አይቀቀልም። በግንቦት ይዘራል።