የዘለልሽው ጠረጴዛ

ለእህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ያ ጫማ የሚበላ ውሻሽስ? እኔ ዝናብ ሲመጣ ጉልበቴን ይነዝረኛል እንጂ ደህና ነኝ። ጤንነትሽን የምጠይቅሽ ለወጉ ያህል አይደለም፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ንዴቴን ላውጣ።

ባለፈው ሐሙስ በሴትዮዋ በዶኛ ኤውላሊያ ምግብ ቤት ያደረግሽኝን ያላየሁ እንዳይመስልሽ። በልተሽ ስትነሺ፣ እንደ ደንቡ፣ በግራ በኩል የተቀመጡትን መምህራን ይስማማችሁ አልሽ። ጥግ ላይ ያለውን የታክሲ ሹፌር ይስማማህ አልሽ። ከነሻንጣቸው የገቡትን፣ በዓይንሽ አይተሻቸው የማታውቂያቸውን መንገደኞች እንኳ አልዘለልሽም። እኔ ጋ ስትደርሺ ጣሪያ ጣሪያውን አየሽ። ጣሪያው ላይ ምን አለ? በዚህ ከተማ ሰው የሚጠላውንም ሰው ሲበላ ዝም ብሎ አያልፈውም። እናታችን ብታይሽ በማማሰያ ነበር የምትልሽ።

የእናታችንን ልብሶች፣ ያን ሰማያዊ ሽርጧን ጭምር፣ ሳትጠይቂኝ ለቤተ ክርስቲያን ከሰጠሽ ወዲህ ይኸው ሦስተኛ ዓመታችን ነው። እኔ የፈለግሁት ያንን ሽርጥ ብቻ ነበር። ተጣላን፣ መጠያየቅ ቀረ፣ ከሐሙሱ የፖሶሌ ሾርባ ግን ሁለታችንም አልቀረንም። ከተማው በምግብ ቤት ተጥለቅልቋል፤ ሌላ ቦታ ሄደሽ ብትበይ ማን ይከለክልሻል? እኔማ የትም አልሄድም። አንቺም ስለ እኔ ይህንኑ እንደምትዪ አውቃለሁ፣ ግትር ነሽና።

ዶኛ ኤውላሊያን ደግሞ አንገሽግሸናቸዋል። ሰልፉ ፋርማሲው በር ድረስ ደርሶ፣ የማይተዋወቅ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ እየበላ፣ ከአንድ ማህፀን የወጣችሁት ለየብቻ ጠረጴዛ ትይዙብኛላችሁ፣ አታፍሩም ወይ አሉኝ። ለእሷ ይንገሯት አልኳቸው። እሷም ለእሷ ይንገሯት ነው ያለችኝ፣ የእናንተ ተላላኪ አደረጋችሁኝ እንዴ ብለው ጭልፋቸውን እያወዛወዙ ሄዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አረንጓዴውን ትተሽ ነጩን ፖሶሌ፣ ያውም ያለ ቃሪያ ማዘዝ ከመቼ ወዲህ ነው የጀመርሽው? ሥጋውንና በቆሎውን ወደ ዳር እየገፋሽ መረቁን ብቻ ፉት ትያለሽ። በዚህ በሚያዝያ ሙቀት ሻሽ አስረሽ ትመጫለሽ፤ አንቺ፣ ፀጉሬ ይታይልኝ ብለሽ በዝናብ እንኳ ራስሽን የማትሸፍኚው! አስተናጋጁን ኤፍራይንን፣ ይህቺ ሴትዮ በስተርጅና መቅጠን አማራት እንዴ ብዬ በቀልድ ጠየቅሁት። አልሳቀም። ሳህኑን አንስቶ ወደ ኩሽና ገባ።

ዶኛ ኤውላሊያ ናቸው ነገሩን ያፈረጡት። ጉንፋን ይዞኝ የቀረሁ ጊዜ በር ላይ ቆመሽ፣ ታላቄ መጥታለች ወይ ብለሽ ጠየቅሻቸው አሉ። አልመጣችም ሲሉሽ ሳትቀመጪ ተመለስሽ። እሷ እኮ የምትመጣው ለእኔ ፖሶሌ አይደለም፣ ፖሶሌዬማ ከጉሮሮዋ አልወርድ ካላት ቆየ አሉኝ።

እንዴት እንደተናደድኩ ልነግርሽ አልችልም። ማንኪያዬን አስቀምጬ ወጣሁ። እኔን ለማየት ነው የምትመጪው? እኔን ለማየት መጥተሽ ጣሪያ የምታዪ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?

ሐሙስ ጠዋት በሆስፒታሉ የጎን በር እንደምትወጪ አውቃለሁ። እንዴት አወቅሽ አትበዪኝ። በዚያ በኩል ጉዳይ ነበረኝ። በየሳምንቱ ጉዳይ ነበረኝ። የበቆሎ ታማሌ ሻጩ ጋሪ ጀርባ ቆሜ፣ ግድግዳውን ተደግፈሽ ብቻሽን ታክሲ ስትጠብቂ አይሻለሁ፤ ደሜ ይፈላል። ልጆችሽ የት ሄዱ? ለእነሱም አልነገርሽም፣ አይደል? ይሄ ድብብቆሽሽ ከትንሽነትሽ ጀምሮ ያቃጥለኛል።

ስለዚህ ስሚኝ። በሚመጣው ሐሙስ በሩ ላይ ነው የምቆመው፣ ከጋሪው ጀርባ አይደለም። ታክሲ ይዤ እጠብቅሻለሁ። ካልፈለግሽ አታውሪኝ፣ ብቻ ታክሲው ውስጥ ግቢ። ዶኛ ኤውላሊያ መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ለሁለት ሰው እንዲይዙልን ነግሬያቸዋለሁ፤ አላመኑኝም፣ ሁለቴ አስደገሙኝ። አንቺ መረቅሽን ጠጪ፣ ሥጋውን እኔ እበላልሻለሁ። ሻሹን ከፈለግሽ አውልቂው፤ ማንም ቢያፈጥብሽ ከእኔ ጋር ነው የሚነጋገረው።

ሽርጡን ረስቼዋለሁ። አልረሳሁትም፣ ግን ይቅር።

ይህን ወረቀት ኤፍራይን ይሰጥሻል። አንብበሽ እንዳትቀድጂው፤ ዓመልሽን አውቀዋለሁ። የጓዳሉፔዋ እመቤታችን ማርያም ጉልበት ትስጥሽ፣ የዋጥሽውን ታርጋልሽ፣ ሌሊቱን ታሳጥርልሽ። ባለፈው ሐሙስ የነፈግሽኝን ቃል እኔ ቀድሜ ልበለው፤ ታላቅ አይደለሁ።

ይስማማሽ፣ እህቴ።

ታላቅሽ