ከሞቱ በኋላ ለማኖንግ ኤውቲኪዮ የተላኩ ቀጠሮዎች

ለተከበሩ የላይብረሪ ጥገና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት ሩቅ ከተማ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በማያፈስ ጣሪያና በማይቋረጥ መብራት ሥር እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከኢሎኢሎ ከተማ የምጽፍልዎ ጆቪቶ ፓልማሬስ ከዝናቡና ከብቸኝነቱ በቀር ደህና ነኝ። ስምዎን ባውቅ ኖሮ በስምዎ በጠራሁዎ ነበር፤ ነገር ግን በሰባት ወር ውስጥ ካቀረብኋቸው አራት ማመልከቻዎች አንዱም እንኳ የሰው ስም ያለበት መልስ ስላላመጣልኝ፣ በማዕረግዎ ብቻ መጥራቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ደብዳቤውን በአደባባይ ያደረግሁትም እርስዎን ለማሳፈር ሳይሆን፣ በግል የጻፍኋቸው ሁሉ ወዴት እንደሚገቡ ማወቅ ስላልቻልሁ ነው።

የምሠራው በአንድ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ሲሆን፣ ኮምፒውተር የተባለ ነገር ሁሉ የእኔ ኃላፊነት ነው። ቀድሞ ሦስት ነበርን። አንዱ ሲንጋፖር ሥራ አገኘ፤ አንዷ አግብታ ማኒላ ገባች፤ እኔ ከውሃ ማጣሪያው ማሽን ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ቀረሁ። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቀን መልስ እሰጠዋለሁ።

የክሊኒካችን መዝገብ ያለው እናንተ በሠራችሁት ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ግር እንዳይላቸው በአጭሩ ላስረዳ። ይህ ዳታቤዝ እንደ ሌሎቹ የቆየውን አጥፍቶ በላዩ አዲስ አይጽፍም። የሆነውን ሁሉ፣ በሆነበት ቅደም ተከተል፣ ከሥር ከሥሩ ይጨምራል እንጂ አንዴ የጻፈውን አይሰርዝም። ታማሚው ተመዘገበ፤ ለማክሰኞ ተቀጠረ፤ ቀጠሮው ወደ ሐሙስ ተዛወረ፤ መጣ፤ ታጠበ፤ ሞተ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእናንተ ዳታቤዝ ከሁለቱም ይብሳል፣ እኔም የወደድሁት ስለዚሁ ነበር። ለታማሚዎች የስልክ መልእክት የምትልከው የእኔ ትንሽ ፕሮግራም ግን ከዳታቤዙ ጋር በቀጥታ አትነጋገርም፤ በመካከላቸው የክቡርነትዎ ላይብረሪ አለ፤ ላይብረሪ የምለው የመጻሕፍት ቤቱን ሳይሆን፣ ሌሎች ፕሮግራሞች እንዲገለገሉበት ተሠርቶ የሚታደል የፕሮግራም ክፍል ነው። እርሱ መዝገቡን ከላይ ወደ ታች እያነበበ አዲስ ነገር በተጻፈ ቁጥር ይነግራታል፤ የት እንደደረሰም ምልክት ያደርጋል። እርሷም የሰማችውን ወደ ታማሚው ስልክ ትልካለች። ነገሩ ይኸው ነው። እስከ ኖቬምበርም ድረስ ያለ እንከን ሲሠራ ቆይቷል።

አሁን አቤቱታዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ ቁጥር የምትወዱ ሰዎች መሆናችሁን ከድረ ገጻችሁ ተረድቻለሁና።

አንደኛ። በኖቬምበር መጀመሪያ «ለደኅንነታችሁ ስትሉ» ብላችሁ አዲሱን የላይብረሪ ቅጂ እንድንወስድ መከራችሁን፤ ወሰድን፤ እናመሰግናለን። መመሪያችሁ ግንኙነት ቢቋረጥ ላይብረሪው ካቆመበት እንደሚቀጥል ይናገራል፤ ከጎኑም ፈገግ ያለ ደመና ተሥሏል። አዲሱ ቅጂ ግን ግንኙነት ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ከ«ሀ» ይጀምራል፤ መጀመሩንም ለማንም አይናገርም። በእኛ ከተማ ዝናብ ሲዘንብ ግንኙነት በቀን ሦስቴ ይቋረጣል። ስለዚህ ላይብረሪዎ ከመዝገቡ አናት ጥቂት ገጾች ያነባል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ከአናቱ ይጀምራል፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። የእኔም ፕሮግራም የሰማችውን ሁሉ እውነት መስሏት ከዓመታት በፊት ያለፉ ቀጠሮዎችን እንደ አዲስ ትልካለች። ስህተቱ የእኔ መስሎኝ የራሴን ሥራ ሦስት ሳምንት ሙሉ መስመር በመስመር ስበረብር ከረምሁ። ሰው ራሱን እንዲህ አጥብቆ እንዲመረምር ስላስተማሩኝ ባለውለታዬ ነዎት።

ሁለተኛ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስደርስበት፣ ማንም ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ በዓይኑ እንዲያየው የሚያስችል ማሳያ ሠርቼ ማመልከቻ አቀረብሁ። ከስድሳ ቀን በኋላ የመሥሪያ ቤትዎ ማሽን «እንቅስቃሴ ስላልታየበት ተዘግቷል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ብሎ ጻፈልኝ። በእርግጥ እንቅስቃሴ አልነበረም፤ መንቀሳቀስ የነበረባችሁ እናንተ ነበራችሁ። እስኪዘጋ አልጠበቅሁም፤ በመካከሉ ሁለተኛ አቅርቤ ነበር፤ ማሽኑ ቅጹን አሟላ አለኝ። አሟልቼ ሦስተኛውን አቀረብሁ፤ የመጀመሪያው ድግግሞሽ ነው ተባልሁ። በእነዚያ ሁሉ ሳምንታት ያገኘሁት ሰብአዊ ነገር ቢኖር፣ አንድ የማላውቀው ሰው ከማመልከቻዬ ሥር ያስቀመጠው የተነሣ አውራ ጣት ብቻ ነው። ማን እንደሆነ፣ በየትኛው አገር እንደሚኖር አላውቅም። ለሁለት ሳምንት ያህል ግን፣ ምሳዬን በልቼ ስመለስ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ያ አውራ ጣት እንዳለ ሄጄ ማየት ነበር።

ሦስተኛ። በመዝገባችን አናት ላይ ያሉት ሰው ማኖንግ ኤውቲኪዮ ሱማጋይሳይ ናቸው፤ «ማኖንግ» በእኛ ዘንድ ለታላቅ ወንድ፣ «ማናንግ» ለታላቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ክሊኒኩ ሲከፈት የመጀመሪያው ታማሚ እርሳቸው ነበሩ፤ በጤናቸው ዘመን ጂፕኒ የሚባሉትን የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ጎን በቀለም ያስጌጡ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ታጥበው፣ ባለፈው ጁላይ ዐረፉ። ላይብረሪዎ ሁልጊዜ ከአናቱ ስለሚጀምር፣ ከሁሉ በላይ መልእክት የሚደርሰው ወደ እርሳቸው ስልክ ሆነ፤ ስልኩም በባለቤታቸው በማናንግ ኔኒታ እጅ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዋና ነርሳችን ማአም ጁቪ ቱፓስ ክፍሌ ድረስ መጥተው «ጆቪቶ፣ ና እስቲ አንተ ንገራቸው፤ እኔ አፌ አልታዘዝ አለኝ» አሉኝ። ስሄድ ማናንግ ኔኒታ የተጣጠፈ ብርድ ልብስና የዝንጅብል ሻይ ያለበት ፔርሙዝ ይዘው፣ ሌላ ሰው ከሚታጠብበት አራተኛው ወንበር አጠገብ ተቀምጠዋል። ስልካቸውን ዘረጉልኝ። «ማኖንግ ኤውቲኪዮ፣ ቀጠሮዎ ማክሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ወንበር ቁጥር 4 ነው። እባክዎ እንዳያረፍዱ» ይላል።

«ማናንግ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የማሽን ስህተት ነው» አልኋቸው።

«መሞቱንማ አውቃለሁ፣ ቶቶ። የቀበርኩት እኔው ነኝ» አሉኝ፣ በዚህ አገር ሽማግሌ ወጣቱን «ቶቶ» ብሎ በሚጠራበት ለስላሳ ድምፅ። «ግን እንዳያረፍዱ ብላችሁ ጻፋችሁ። በአራት ዓመት አንድ ቀን አርፍደን አናውቅም። ቤት ቁጭ ብዬ ሰዓቱ ሲያልፍ ማየት አቃተኝ።»

ከፔርሙዙ ቀድተው ሰጡኝ። ጠጣሁ። ያን ያህል ስኳር ያለበት ሻይ ከልጅነቴ ወዲህ ጠጥቼ አላውቅም። በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ መልእክት ደረሳቸው፤ አራት ጊዜ መጡ፤ አራቱንም ጊዜ ሳያረፍዱ።

አራተኛ። ሙታን መልእክት ቢደርሳቸው ምን ይጎዳሉ ይሉኝ ይሆናል፤ ስለዚህ ስለ አንድ በሕይወት ያሉ ሰው ልንገርዎ። ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ሚስተር ዴልፊን ሃውቴያ «የሐሙስ ቀጠሮዎ ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል» የሚል መልእክት ደረሳቸው። መልእክቱ እውነት ነበር፤ እውነት የነበረው ግን ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሐሙስን ቤታቸው ዋሉ። ቅዳሜ ልጃቸው በባለ ሦስት እግር ታክሲ ስታመጣቸው ሰውነታቸው አብጦ፣ እንደሚሰምጥ ሰው ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። ወደ ሆስፒታል ተወስደው ሁለት ቀን በኦክስጅን ቆዩ። ተረፉ። ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ስሄድ ይቆጡኛል ብዬ እየፈራሁ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከቁጣ ይልቅ የሚያሳፍር ነገር ተናገሩኝ። «በጽሑፍ እኮ ነው የደረሰኝ፣ ልጄ» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን በጽሑፍ ያልሰፈረ ነገር አትመኑ ስል ኖሬ፣ አሁን ምን ልበላቸው?»

ከአልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ብርቱካኑን ላጥሁላቸው።

በዚያው ቀን መልእክት የምትልከውን ፕሮግራም አቆምሁና አራተኛውን ማመልከቻ ጻፍሁ፤ አንድ ሰው ሊሞት እንደነበረም በግልጽ አሰፈርሁ። ማሽኑ «ቅድሚያ፦ ዝቅተኛ፤ ችግሩ የገጠመው አንድ ተጠቃሚ ብቻ ነው» የሚል ምልክት ለጠፈበት። ቆጠራው ትክክል ነው፤ አንድ ተጠቃሚ ብቻ ነኝ። መቶ አርባው ታማሚዎች የእኔ እንጂ የእርስዎ አይደሉም። ነርሶቹ አንድ ወር ሙሉ ለእያንዳንዱ ታማሚ በየግሉ እየደወሉ ቀጠሮ አስታወሱ። እኔም ወደ ቀድሞው ቅጂ ተመለስሁ፤ ላይብረሪዎን ዳግመኛ ላለማመንም፣ የት እንደደረስን የምትመዘግብና ያለፈ ቀጠሮ እንዳይላክ የምትከለክል አሥራ ስምንት መስመር ጽሑፍ በገዛ እጄ ጨመርሁ። አሥራ ስምንት መስመር ብቻ ናት፤ ከማመልከቻ ቅጽዎ ታጥራለች።

ከዚያ ወዲህ የተሳሳተ መልእክት አልተላከም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በጃንዋሪ አንድ ማክሰኞ ግን ማናንግ ኔኒታ ያለ ብርድ ልብስ፣ ያለ ፔርሙዝ መጥተው በክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

«መልእክቱ ቀረ» አሉኝ።

«አዎ ማናንግ፣ ስህተቱን አስተካከልነው።»

«ጎበዝ» አሉ። ቀጥለውም «ልጆቻችን የሚሠሩት መርከብ ላይ ነው፤ የሚደውሉት ወደብ ሲደርሱ ነው። ስልኬ ሲጮኽ የምሰማው በሱ ምክንያት ብቻ ነበር» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ መልእክቱን እንደገና እንድልክላቸው አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም አላደርገውም ነበር። ነገር ግን የእናንተ ዳታቤዝ ምንም እንደማይሰርዝ ትዝ አለኝና ወደ ማአም ጁቪ ሄጄ የማኖንግ ኤውቲኪዮን መዝገብ ለባለቤታቸው ላነብላቸው ይፈቀድልኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። «ሚስቱ አይደሉ? የሱን እሳቸው ካልሰሙ ማን ሊሰማ ነው?» አሉኝ፤ የፈቃድ ወረቀትም ፈርመው ሰጡኝ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀመርን። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ደረሰ። ክብደት ስልሳ አንድ ኪሎ። መርፌ በግራ ክንድ። ሬዲዮ እንዲቀነስ ጠየቀ። ብርድ ልብስ ተሰጠው፤ አልፈልግም አለ።

«አልፈልግም አለ?» አሉ ማናንግ ኔኒታ፤ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አድርገው። «ኧረ ይሄ ውሸታም። ቤት መጥቶ ‹ብርድ ልብስ እንኳ የማይሰጡ ንፉጎች› እያለ ሲያማችሁ አልነበር? እኔ ሞኟ አራት ዓመት ሙሉ ከቤት ስሸከም ኖርኩ።»

ሳቁ፤ ከዚያም ጥቂት አለቀሱ፤ ከዚያም «ቀጥል» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ይመጣሉ። በቅጠል የተጠቀለለ ኢቦስ ያመጣሉ፤ ሩዙን እየበላን አንድ ገጽ እናነባለን። አሁን ሁለተኛው ዓመት ላይ ነን። ከጁላይ በኋላ የሚነበብ መስመር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ እኔ ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ እርሳቸውም ፍጠን ብለውኝ አያውቁም። ከውሃ ማጣሪያው ማሽን ጋርም፣ ቢያንስ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ መነጋገር ትቻለሁ።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ላይብረሪውን ለማስተካከል ጊዜ ከሌለዎት፣ ከዚያ ፈገግተኛ ደመና አጠገብ «ምናልባት ከመጀመሪያው ሊጀምር ይችላል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያስገቡልን። ሌላ አገር በሌላ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ አንድ ሰው ስህተቱ የራሱ መስሎት ሦስት ሳምንት እንዳይከርም ይረዳዋል።

በዝምታዎ ታላቅነት ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ሥራዎ እንዳይበዛብዎ፣ ዕረፍትዎ እንዳይጓደልብዎ፣ ዕድሜዎም እንደ መዝገባችሁ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል የምመኝልዎ፣

ቁጥሩ አንድ የሆነው ተጠቃሚዎ
ጆቪቶ ፓልማሬስ
ኢሎኢሎ፣ ጁን

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ልለጥፈው ስል፣ በሰባት ወር ውስጥ የመጀመሪያው የሰው መልስ ከመሥሪያ ቤትዎ ደረሰኝ። ጸሐፊዋ እንደሚያስረዱኝ፣ ላይብረሪውን ይጠብቅ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም አዲሱን ቅጂ አስረክቦ ባለፈው ኦክቶበር ሥራውን ለቅቋል፤ ቦታውም እስከ ዛሬ ባዶ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ «ክቡር ሆይ» ስል የቆየሁት ለባዶ ወንበር ኖሯል። ማመልከቻዎቼ «ጥልቅ ዕውቀት የሚታይባቸው» ስለሆኑም፣ ላይብረሪውን ተረክቤ እንድጠብቅ በአክብሮት ጋብዘውኛል። «በነፃ ፈቃደኝነት» የሚለው ቃል በደብዳቤያቸው ውስጥ አራት ጊዜ ተጽፏል፤ «ይቅርታ» የሚለውን ግን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ፈልጌ አጣሁት።