ዳማ ያለችበት ደብተር

እታለም፣

ከተለየሽን አራት ወር ሆነ። አልጋሽ ከጓዳ ወጥቷል፤ መስኮቱም አሁን ክፍት ይውላል።

የምጽፍልሽ ስለ እንግሊዝኛ ደብተርሽ ነው። ከለቅሶው በኋላ ብፈልገው አጣሁት። በ‹ing› የሚያልቀው ጄረንድ የሚከተላቸውን ግሦች በግራ፣ በ‹to› የሚጀምረው ኢንፊኒቲቭ የሚከተላቸውን በቀኝ ጽፈሽ፣ ለእያንዳንዱ ከቤታችን ምሳሌ ትሰጪ ነበር፤ አባባ መዘመር ይወዳል፣ በቅሏችን ዳማ ድልድይ መሻገር እምቢ ትላለች። በአማርኛ መዘመርም መሻገርም አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ ያለ አንቺ ምሳሌ መለየት አልሆነልኝም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ደርሷል።

ባለፈው ሳምንት መምህሩ ገመቹን ወደ ሰሌዳ አስወጣው። ከኑኑ ቁምባ መጥቶ ከቤታችን በታች ክፍል ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ነው። ሳያመነታ ስለ ዳማና ስለ ድልድዩ ጻፈ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ደሜ ፈላ። ይህን ከቤታችን ሰው በቀር ማን ያውቃል? በለቅሶው ሰሞን ወንበር ሲያመላልስ ነበር፤ ያኔ ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ከትቶታል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ደብተር በገለጠ ቁጥር በትከሻው ላይ አጮልቃለሁ። ጠዋት ‹አካም ቡልቴ› ብሎ እንዴት አደርክ ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ።

በመጨረሻ ለእማዬ ነገርኳት። ምስር መልቀሟን ሳታቋርጥ፣ «ሌባስ አይደለም፤ እህትህ ናት የሰጠችው» አለችኝ። «አንተ ሳሏን ፈርተህ ከበር ስትመለስ እሱ ገብቶ ይቀመጥ ነበር። እጇ ሲደክም እየነገረችው ይጽፍላት ነበር። ወንድሜ ስለ እኔ ከጠየቀህ ስጠው፣ ካልጠየቀህ ግን ላንተው ይሁን ብላዋለች።»

እታለም፣ አንቺም ጠርጥረሽኝ ኖሯል። አልተሳሳትሽም። ደብተሩን ያልፈለግሁበት ቦታ የለም፤ ስለ አንቺ ግን አንድም ሰው አልጠየቅሁም።

ዛሬ ጠዋት ገመቹን መንገድ ላይ አገኘሁት። ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ለፈተናው ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። አሁን ብጠይቀው ለደብተሩ ብዬ እንደሆነ ይጠረጥራል። አንቺም ትጠረጥሪያለሽ። እኔም ራሴን አላምነውም።

ስለዚህ ያለ ደብተሩ እፈተናለሁ። በማግስቱ ወደ ክፍሉ እሄድና፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ምን ትዪ እንደነበር፣ ስቀሽ እንደሆነ፣ እኔን ጠርተሽኝ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። የሚነግረኝን ሁሉ ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም፤ ደብተሩን ባይሰጠኝም።

ከበር ይመለስ የነበረው ወንድምሽ