በመናጫ ቅል የተመታው ኬክ

ለታዬ፣ ለልቤ ሰው፤

ከሄድክ ሦስተኛው ክረምት ሊገባ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ነገር ጠፍቶ አይደለም፤ ሥራ እየሠራሁ በአፌ ስለማወራህ ደብዳቤ ትርፍ መስሎኝ ነው። የአሁኑ ወሬ ግን ድስት እያማሰሉ የሚነገር አይደለም። ቁጭ ብሎ በሥርዓት መጻፍ አለበት። ቃልህን ጠብቄልሃለሁ፣ ታዬ። እንዴት እንደጠበቅሁት ስትሰማ ደግሞ ሆድህን ይዘህ እንደምትስቅ አውቃለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያው ተቀይሯል፤ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ማስቀመጥ ቀርቷል። የሾፌር ጓደኞችህ ወደ ባኮ ሲወርዱም ሆነ ሲመለሱ በበራችን ሲያልፉ ዛሬም ጡሩምባ ይነፋሉ። ጎረቤት ይሰለቻል፣ እኔ አልሰለችም። የልጅ ልጃችን ሜሮን ሥራ ይዛለች። በመጀመሪያ ደመወዟ የኤሌክትሪክ ሚክሰር ገዛችልኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሰነፍ ዕቃ ነው ስል የኖርኩ ሰው፣ በሳምንቱ የማንም እጅ እንዳይነካው ጨርቅ ሰፍቼ አለበስኩት።

ሜሮን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ጊዜ ያልከውን ታስታውሳለህ? ሰው በተሰበሰበበት ብርጭቆህን አንሥተህ፣ «የቀለበትሽን ኬክ አያትሽ ናት የምትጋግረው። ከአዲስ አበባ ተጭኖ የመጣ ኬክ በዚህ በር አይገባም!» አልክ። እኔን ሳትጠይቅ! ልጅቷ ግን ያንን ቃል እንደ ርስት ይዛ ኖረች። እናም ዘንድሮ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ቀለበቷ ሆነ። እጮኛዋ ገመቹ ይባላል፤ የካቺሲ ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪም ነው። ያሳደጉት አያቱ ኦቦ ለሜሳ ናቸው። ሽማግሌው ደግ ናቸው ይባላል፤ ነገር ግን ጣፋጭ በአፋቸው አይዞርም፣ ለገመቹም «የከተማ ልጅ ምን ልታበላህ ነው?» ማለታቸውን ሜሮን ሰምታለች። ስለዚህ ልጅቷ ሁለት ነገር ትመኝ ነበር፦ የአንተ ቃል እንዲፈጸም፣ እሳቸውም ከገበታችን ደስ ብሏቸው እንዲበሉ።

የኔን ነገር ታውቃለህ። መመሪያው ሁለት መቶ ግራም ካለ ሁለት መቶ ግራም ነው። የቤት አያያዝ አስተማሪያችን ዱቄቱን ሳንነፋ ካየችን በማስመሪያ ጣታችንን ትለን ነበር፤ እኔም ያንኑ ትምህርት ስንት ዓመት ለሌሎች አስተምሬያለሁ፣ ያለ ማስመሪያው። ከአንተ ጋር ግን ምን ይደረጋል? ቫኒላ አምጣ ስልህ ከባኮ ኮረሪማ፣ የገበታ ቅቤ ስልህ የወጥ ቅቤ ይዘህ ትመጣለህ። አንድ ጊዜማ ቤኪንግ ፓውደር አጣሁ ብለህ የአምቦ ውሃ አስጨበጥከኝ። «ይሄም ያው ይፈላል፣ ምን አነሰው?» አልክ። እልህ ይዞኝ ጋገርኩበት። የወጣው ኬክ ሳይሆን ድፎ ዳቦ የሚመስል ነገር ነበር። አንተ በሻይ እያጠቀስክ ግማሹን ጨረስክና «በናንተ ትምህርት ቤት ስንት ያሰጣል?» ብለህ ጠየቅከኝ። ከመቶ አርባ አልኩህ። ሰንብቼ መናኸሪያ ብሄድ ሾፌሩ ሁሉ «አርባ የሰጠችው ሚስቱ መጣች» እያለ ይስቃል።

ወደ ቀለበቱ ዋዜማ፣ ወደ ቅዳሜው ልምጣ። እንቁላሉን ሰብሬ፣ ስኳሩን መዝኜ፣ ሚክሰሩን እንደሰካሁ መብራት ሄደ። ሲመለስ እንደ መብረቅ መጣ። ሚክሰሩ አንዴ ጮኸ፣ ጭስ ተፋ፣ አበቃ። መብራቱም የመጣበትን ሥራ እንደጨረሰ ሁሉ ተመልሶ ሄደ። የድሮዋ የእጅ መምቻዬ ሽቦዎቿ ተበጣጥሰው ከተጣለች ቆይታለች። ሹካ አነሣሁ። ትከሻዬ እንደምታውቀው ነው፤ ትንሽ እንደመታሁ ክንዴ ከዳኝ። ሜሮን ተቀበለችኝ፤ እሷ ደግሞ ጥፍሯን ገና መቀባቷ ነው፣ ሹካውን በሁለት ጣት እንደ ሲጋራ ይዛ ምን ልትመታ! እንቁላሉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። «እማማ፣ ተይው በቃ። ከኬክ ቤት እናዛለን። አባባ ቢኖር ይረዳኝ ነበር» አለችና እንባ አቀረረች።

እኔ ግን ልብ ብዬ አልሰማኋትም። ከአጥሩ ወዲያ ሿ፣ ሿ የሚል ድምፅ እየሰማሁ ነበር። ወተት የምትሸጥልን ጎረቤታችን አዴ ወርቄ ትንጣለች። ቆሜ አሰብኩ። እንቁላል ሲመታ የሚፈለገው አየር እንዲገባበት ነው። መናጥስ ከዚህ በምን ይለያል? ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሄድኩና ትንሿን መናጫ ቅል አውሺኝ አልኳት። ለምን እንደሆነ ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። «ማሎ ቲቸር! ከእንቁላል ቅቤ ይወጣል ብለሽ ነው?» አለች። ማሎ ብላ የለመነችኝ አእምሮዬን እንድጠብቅ ይመስለኛል። ቅሉን ግን ሰጠችኝ፤ የሚሆነው እንዳያመልጣትም ተከትላኝ መጣች።

ቅሉን በፈላ ውሃ አለቀለቅሁት። እንቁላሉንና ስኳሩን ጨመርኩ፣ አፉን ከደንኩ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ አጋደምኩት። እኔና ሜሮን ፊት ለፊት ሆነን ወዲህና ወዲያ እንገፋው ጀመር። አዴ ወርቄ በሩ ላይ ቆማ «ቀስ፣ ቀስ! ዶሮዋን አታስደንግጧት!» ትለናለች። የሜሮን እንባ ወደ ሳቅ ተለወጠ፤ ጥፍሯ መገፋፈፉንም ረሳችው። ከብዙ ሿሿታ በኋላ ከፍቼ ሳይ አረፋው እስከ አንገቱ ሞልቶ ነጥቷል። ትምህርት ቤት የተማርነውን የአረፋ ፈተና አልተውኩም። በማንኪያ ቀድቼ ላዩ ላይ ስምንት ቁጥር ጻፍኩ። ስምንቷ ሳትሰምጥ ቆየች! አስተማሪዬ ብታይ እንኳ ማስመሪያዋን ታስቀምጥ ነበር።

ደስታዬ ግን ወደ ጎድጓዳው ሳህን ስገለብጠው ተቆረጠ። የወይራ ጭስ ሸተተኝ። ለካ አዴ ወርቄ ቅሏን በጠዋት አጥና ነበር፤ የሚናጥበት ዕቃ መታጠኑ የታወቀ ነው፣ እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት። የኬክ ሽታ ጭስ ጭስ ይላል! ዱቄቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ልድፋው? ቫኒላ ባደርግበት ከጭሱ ጋር ይጣላል። ከጭስ ጋር የሚስማማው ምንድን ነው ብዬ ሳስብ የታጠነ ዕቃ ውስጥ የሚቀመጠው ንጥር ቅቤ ታወሰኝ፣ እሱ የሚነጠረው ደግሞ በኮረሪማ ነው። ቫኒላውን ወደ ቁም ሳጥን መለስኩ። ኮረሪማውን ፈልፍዬ፣ ወቅጬ፣ በወንፊት ነፍቼ ጨመርኩ። መመሪያው የሚለውን ትቼ በአፍንጫዬ ለካሁ። ሜሮን ዓይኗን አላመነችም። «አባባን መሰልሽ!» አለችኝ። ዱቄቱን በእንጨት ማማሰያ፣ አረፋው እንዳይሞት ከታች ወደ ላይ እያነሣሁ ለወስኩት። ምድጃው ያለ መብራት ስለማይሠራ ሊጡን በብረት ድስት ጋገርኩ፤ ከታችም ከላይም ፍም አድርጌ። ሲወጣ መሐሉ ላይ እንኳ አልረገበም፣ ታዬ!

እሑድ እንግዶቹ ገቡ። ቀለበቱ ገባ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ኬኩ ተቆረጠ። ሜሮን የመጀመሪያውን ቁራሽ ለኦቦ ለሜሳ ሰጠች። ሽማግሌው ለይሉኝታ ያህል ከጥጉ ቆረሱ። ማኘካቸውን አቆሙ። እኔ ትሪ ይዤ እንደ ተፈታኝ ቆሜያለሁ፤ ሜሮን የገመቹን እጅ ጨምድዳ ይዛለች። ኦቦ ለሜሳ ሳህኑን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱ። «ይህቺ ነገር» አሉ፣ «ላሟ የት ነው ያለችው?» ሰው ሁሉ ግራ ሲጋባ ገመቹ ቀመሰና በሳቅ ወደቀ። «አባቦ፣ የእርጎ ቅላችን ሽታ ነው!» አለ። እሳቸው መብላታቸውን ቀጠሉ። ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቁ። ሦስተኛውን ሳይጠይቁ ራሳቸው አነሡ።

ከዚያ ጢማቸውን ጠራርገው በኩራት ቤቱን ዞር ብለው አዩ። «ገመቹ፣ ልጅቷን ብቻ ወስደን ምን እንጠቀማለን? አያቷንም ጨምረን ካቺሲ እንውሰዳት እንጂ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ምንም ሳላስብ፣ ትሪዬን እንደያዝኩ፣ «ይቅርታ ኦቦ ለሜሳ፣ እኔ ባል አለኝ» አልኩ።

ሳቁ ረገብ አለ። ሜሮን ቀና ብላ አየችኝ። ኦቦ ለሜሳ ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶህ ዞረው ባርኔጣቸውን አነሡና «እንግዲያው ፈቃዱን ከሱ እንጠይቃለን» አሉ። ከዚያ በኋላ የተሳቀው ሳቅ መንገድ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ሰው ስሳሳት ቢያርመኝ እንደምወድ ታውቃለህ። ያን ቀን ግን «ነበረኝ በይ» ብሎ ያረመኝ የለም፤ እኔም ቃሌን አልመለስኩም። የሰጠኸው ቃል ሲፈጸም አንተም ከእንግዶቹ መሐል ነበርክ፣ እኔ አይቼሃለሁ። ከእንግዲህም የሚጠይቀኝ ካለ መልሴ ያው ነው፤ ባል አለኝ፣ ስሙ ታዬ ነው እላለሁ። ድምፄ እስካለ ድረስ እንዲሁ እላለሁ።

ሚስትህ
ዘነበች