ለኳስ የተሳልኩት ዣንጥላ

እሑድ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ሬኒየር ቫሊ

የሲያትሉ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን ዛሬም ተሸነፈ፤ ያውም በሜዳው! ዘንድሮ ሽንፈቱን መቁጠር ትቻለሁ። የዛሬው ግን አናደደኝ፤ ካሸነፉ ለቅዱስ ገብርኤል ዣንጥላ ላስገባ ተስዬ ነበራ። እንደሚሳካ እርግጠኛ ስለነበርኩ ትልቅ ቀይ ዣንጥላ ገዝቼ፣ ጨዋታውን ወደማይበት ጓደኛዬ ቤት ይዤው ሄድኩ።

ስመለስ ዝናቡ ወረደብኝ። የስለት ዕቃ አይነካም ብዬ ዣንጥላውን በብብቴ ሸጉጬ ቤት ደረስኩ። አክስቴ በሩን ከፍታ አፈጠጠችብኝ።

«አንቺ፣ ዣንጥላ ይዘሽ ትበሰብሻለሽ?»

«የስለት ነው አክስቴ። ለኳሱ።»

«ገብርኤልን በኳስ ታስቸግሪዋለሽ? ያውም እግር ኳስ ብለው ኳሱን በእጃቸው ይዘው ለሚሮጡበት!» ሳቋን ማቆም አቃታት። «እንግዲህ፣ ካልሰመረልሽ ያንቺ ነው፤ ዘርጊው በቃ።»

እኔም ሳቅኩ። ግን ማክሰኞ ቤልቪው የሥራ ኢንተርቪው አለብኝ፤ ከተመረቅሁ ወዲህ የተጠራሁበት የመጀመሪያው። ከአውቶቡስ ወርጄ ብዙ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ዝናቡ ደግሞ እስከ ሐሙስ አያባራም አሉ። ቤታችን ሌላ ዣንጥላ የለም፤ እዚህ ሰው በጃኬት ኮፍያ ነው የሚሄደው። ቀዩን ከዘረጋሁት ያገለገለ ዕቃ ለገብርኤል አልሰጥም። ካልዘረጋሁት ግን ለሥራው እንደገና እሳልበታለሁ፤ በዓሉም ደርሷል።

ቡድናችን እንደሆነ ለከርሞ ይነሣል፤ አምናቸዋለሁ። እኔን የጨነቀኝ ማክሰኞ ነው፦ ዘርግቼው ሳልበሰብስ ልግባ፣ ወይስ ተስዬ በስብሼ?