መምህር ወንድዬ አሻግሬ እና በውኃ ቁንጫ ውስጥ ያዩት (1956–2018 ዓ.ም.)

በመስከረም 1985 ዓ.ም. መምህር ወንድዬ አሻግሬ ወደ መካነ ሰላም ሲዛወሩ፣ የትምህርት ቤቱ ብቸኛ ማይክሮስኮፕ በዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጦ ነበር። ካርቶኑ አልተከፈተም፤ የታሰረበት ሲባጎም አልተፈታም።

መምህር ወንድዬ ከአባታቸው ከአቶ አሻግሬ ይመር እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ንግሥቴ አበጋዝ፣ በለጋምቦ ወረዳ፣ ከአቀስታ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሆነች መንደር ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአቀስታ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በደሴ ተምረው በ1978 ዓ.ም. በባዮሎጂ መምህርነት በዲፕሎማ ተመረቁ። ሰባት ዓመት በአቀስታ፣ ከዚያም ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 2016 ዓ.ም. በመካነ ሰላም አስተማሩ። በ1987 ዓ.ም. ከወ/ሮ አሰጋሽ ፈንታዬ ጋር በተክሊል ተጋብተው ምህረትንና አለምነውን ወለዱ።

ማይክሮስኮፑን ፈርመው ያወጡት በመጡ በሳምንቱ ነው። መሣሪያው በመስተዋት የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለ የሚሠራ ስለነበር ደመና ባለበት ቀን ሥራ አልነበረም። ከከተማው በታች ካለው የከብት መጠጫ ኩሬ ውኃ እየቀዱ የውኃ ቁንጫ የምትባለውን እንስሳ ለተማሪዎቻቸው ያሳዩ ነበር። የጤፍ ፍሬ የምታህል ናት። ገላዋ እንደ መስተዋት ስለሚያሳይ ልቧ ሲመታ፣ አንጀቷ ሲሞላ ከውጭ ይታያል።

በ2008 ዓ.ም. በአንዳንዶቹ አንጀት ውስጥ ቀጭን ሰማያዊ ክር አዩ። ዓመት ሙሉ ቆጥረው፣ ሥዕሉን ሥለው፣ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ጻፉ። ከአምስት ወር በኋላ ወ/ሮ አሰጋሽ ውኃው የሚጠለልበትን ጨርቅ አንስተው ሲያዩ፣ ጥለቱ ሰማያዊ የሆነ የራሳቸው አሮጌ ነጠላ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ዓመት ሙሉ ያጠናኸው የኔን ጥለት ነው!» ማለታቸውን ቤተሰቡ ሁሉ ያስታውሳል። መምህር ወንድዬ አልሳቁም። በዚያው ሳምንት ለዩኒቨርሲቲው ማስተባበያ ጻፉ፤ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይም ቆመው መሳሳታቸውን ለተማሪው ሁሉ ተናገሩ።

ከዚያ በኋላ በጨርቅ አልጠለሉም፤ እንስሳቱን አንድ በአንድ በብርጭቆ መምጠጫ ያነሡ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ከአንጀት ውጭ፣ ከልብ አጠገብ፣ እንደ ማጭድ የጎበጡ ጥቃቅን ነገሮች በአንድነት ተሰብስበው አዩ። ክር አልነበሩም። ምን እንደሆኑም አላወቁም። የሥራ ባልደረባቸው መምህር ሙሐመድአሚን «ወላሂ ጋሼ፣ አሁንስ ጥለት የለበትም፤ ይላኩት እንጂ!» ቢሏቸው «ዓይኔ አንዴ ዋሽቶኛል፤ የሌላ ሰው ዓይን ይየው» አሉ። ያ ሌላ ሰው ግን ለዓመታት አልተገኘም።

በ2014 ዓ.ም. የስኳር ሕመም ተገኘባቸው። በደሴ ሲታከሙ ቆይተው በ2017 ዓ.ም. ክረምት የሁለቱም ዓይኖቻቸው ብርሃን ጠፋ። ያዩት ነገር እውነት ይሁን ወይም ዳግመኛ ስሕተት፣ ራሳቸው ሊያረጋግጡት የማይችሉ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ብዙ አላወሩም።

በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. በጥያቄያቸው መሠረት መምህር ሙሐመድአሚን መቶ የመስተዋት ስላይድ አዘጋጁ፤ በእያንዳንዱ አንድ እንስሳ። ሃምሳው ከዚያው ከከብት መጠጫው ኩሬ፣ ሃምሳው ከሌላ ኩሬ ሲሆን የተጻፈባቸው ቁጥር ብቻ ነበር። የትኛው ከየት እንደመጣ የሚገልጸው ወረቀት በፖስታ ታሽጎ በወ/ሮ አሰጋሽ እጅ ተቀመጠ። ስላይዶቹን ያዩት አዲሷ የባዮሎጂ መምህርት ሀዲያ ናቸው፤ መምህር ወንድዬ ዓይናቸው ሳይጠፋ ከሣሉት የማጭድ መሰሉ ነገር ሥዕል በቀር ምንም አልተነገራቸውም።

መምህር ወንድዬ ሕመሙ ኩላሊታቸውን ጎድቶ፣ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 በቤታቸው አረፉ። ቆጠራው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አለቀ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው አለምነው፣ እንዲሁም በጅዳ በሥራ ላይ ያለችውና ለቀብሩ መድረስ ያልቻለችው ልጃቸው ምህረት በሕይወት አሉ።

የጤፍ ፍሬ የምታህለውንም ፍጥረት ውስጧን ሠርቶ የሚያውቅ እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በቸርነቱ ይቀበል፤ ለቤተሰባቸው ጽናቱን ይስጥ። አሜን።

ፖስታው ዛሬ ጠዋት ቤተሰቡና ባልደረቦቻቸው ባሉበት ተከፈተ። ከከብት መጠጫው ኩሬ ከመጡት ሃምሳ እንስሳት በአሥራ አንዱ ማጭድ መሰሉ ነገር ታይቷል፤ ከሌላው ኩሬ ከመጡት ሃምሳ በአንዱም አልታየም።