ዳማን እንደ አራስ የያዝኩበት ክረምት

ውድ ጋሼ ይሻው፣

እግርዎ እንዴት ነው? ዓይናለም ስትደውል «አባባ ከአልጋ አይወርዱም፣ እኔም እንዲወርዱ አልፈቅድም» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ፈረስዎ ዳማ ይሸጥ፣ እርስዎም እዚያው ባሕር ዳር እሷ ዘንድ ይቅሩ ብላ እርስዎ ዝም እንዳሉ ነገረችኝ። ዝምታዎ እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ ስለ ዳማ በስልክ «ደህና ነው» እያልኩ የዋሸሁትን ሁሉ በወረቀት ልናዘዝ ነው።

ሰኔ ላይ የገሳይ መንገድ ጭቃ ጥሎ እግርዎን ሲሰብርዎ፣ ዳማን ደብረ ታቦር እኔ ግቢ አስገብተው «የሺ፣ አደራ፤ ብርድ እንዳይመታው፣ ረሃብ እንዳያውቀው» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። እኔ ደግሞ አምስት እህቶቼን በአራስነታቸው ያስታመምኩ ሴት እንጂ ፈረስ ይዤ አላውቅም። የማውቀውን አደረግኩ።

ዕቃ ቤቱን አስለቅቄ አስገባሁት። ንፋስ እንዳይመታው መስኮቱን በጨርቅ ወተፍኩት። ጠዋትና ማታ የገብስ አጥሚት ቅቤ ጠብ አድርጌ አቀረብኩለት፤ በላዩ ላይ አንድ ቁና ገብስ። ጎረቤቴ ዘቢባ ልታየው ስትመጣ፣ ከውጭ ብርድ ይዛበት እንዳትገባ ደጅ አቆምኳት። «ክርስትናው መቼ ነው?» አለችኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

አማረበት ጋሼ። ቆዳው አብረቀረቀ፣ አንገቱ ደነደነ፤ እኔም ኮራሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ስገባ ግን የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን ወደኋላ ጥሎ ቆሟል። ስጠራው ጆሮውን እንጂ እግሩን አላነቃነቀም። ኮቴውን ብነካው ይፋጃል። ይቅር ይበሉኝ፣ ብርድ መስሎኝ ጋቢዬን ደረብኩለት፤ አጥሚቱንም ጨመርኩ።

በማግስቱ ዘቢባ ሳትነግረኝ የእንስሳት ሐኪሙን ፈይሰልን ይዛ መጣች። ፈይሰል ጋቢውን አየ፣ የአጥሚቱን ሳህን አነሳና ቅቤውን አሸተተ። ከዚያ ሳይሠራ የበላው ገብስ ኮቴው ውስጥ እንዳሳመመው፣ የታፈነው የሽንት ሽታም ሳንባውን እየጎዳው እንደሆነ አስረዳኝ። ትንሽ ብዘገይ ዳግመኛ ላይቆም ይችል ነበር።

«እትዬ የሺ፣ ፈረስ እኮ አራስ አይደለም» አለኝ። «በክረምት ደረቅ መቆሚያ፣ አየርና ድርቆሽ ይበቃዋል። ብርዱን ፀጉሩ ይችልለታል።»

ተቀምጬ አለቀስኩ። ከአባቴ ሞት ወዲህ አደራ ብሎ አንድ ነገር የሰጠኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እሱንም በቅቤ ልገድለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ተከፈተ። ወፍራም ደረቅ ጭድ አነጠፍንለት፣ ኮቴውን በቀን ሦስት ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እናቆመዋለን። የተረፈውን አጥሚት እኔው ጠጣሁት፤ ቀሚሴ ጠቦኛል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከትናንት በስቲያ ፈይሰል ኮቴው በርዷል አለ። ከእንግዲህ በየጠዋቱ ለስላሳ ሣር ላይ ቀስ ብሎ መራመድ አለበት። የሚያራምደው ሰው ግን ጠፋ። እኔ ስቸኩል እጎትተዋለሁ፣ ዘቢባ ሱቋን እያሰበች ትሮጣለች፤ እሱም መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ያየናል።

ትናንት ዓይናለምን የእርስዎ ሐኪም ምን እንዳለ አጥብቄ ጠየቅኳት። ብዙ ካወላወለች በኋላ «በየቀኑ ቀስ እያሉ ይራመዱ ብሏል» አለች። አጥሚትም በቀን ሁለት ጊዜ እንደምትሰጥዎ አመነች። ጋሼ፣ እኔ ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። ከዚያ አልጋ ይውረዱ።

ዳማን እኔ አልሸጠውም። መሸጥ ካለበት መጥተው ራስዎ ገበያ ይውሰዱት፤ በሁለታችሁ እርምጃ ጥር ላይ ትደርሳላችሁ።

ፈረስዎን በፍቅር ልትገድል የነበረችው የእህትዎ ልጅ፣
የሺ